ልብ የሚሞላው ሲያርፍ ነው



የወላጅ መምህር ኅብረቱ ስለ ልብ እንድናገር ሲጋብዘኝ ጥሪውን በደስታ ነው የተቀበልሁት። ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጣችሁት ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ያሉ ልጆችን በየቀኑ የምታዩ ሰዎች ናችሁ። በአገራችን ብዙ ወጣቶችን አልጋ ላይ የሚጥለው የልብ ሕመም መነሻውን የሚያደርገው በዚሁ ዕድሜ ነው። ስለዚህ ይህን ነገር ለመናገር ከእናንተ የተሻለ አድማጭ አላገኝም።

አካሄዴን አስቀድሜ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ደም በልብ ውስጥ የሚያልፍበትን መንገድ ባጭሩ አሳያችኋለሁ። ቀጥሎ አንዲት የልብ ምት ከጅምሯ እስከ ፍጻሜዋ ምን እንደምትመስል እናያለን፤ እዚህ ላይ ጥቂት እቆያለሁ። ከዚያ ሐኪም ደረት ላይ ሲያዳምጥ ምን እንደሚሰማ እናገራለሁ። በመጨረሻም ያ ድምፅ ሲበላሽ ምን ማለት እንደሆነ፣ እንዳይበላሽም ከናንተ ምን እንደሚጠበቅ እነግራችኋለሁ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ደጋግሜ የማነሣው ሐሳብ አንድ ነው፤ ልብ የሚሞላው ሲያርፍ ነው። ዕረፍቱን ያጣ ልብ የሚረጨው ደም ያጣል።

እስቲ አሁን ሁላችሁም የቀኝ እጃችሁን ጠቋሚና የመሐል ጣት በግራ እጃችሁ አንጓ ላይ፣ በአውራ ጣታችሁ ሥር በኩል አድርጉ። በስሱ ጫን በሉ። በአውራ ጣታችሁ አትለኩ፤ እሱ የራሱ ትርታ ስላለው ያሳስታል። አገኛችሁት? እኔ ሰዓት እይዛለሁ፤ ለሠላሳ ሰከንድ ቁጠሩና በሁለት አባዙት።

ብዙዎቻችሁ ከ60 እስከ 100 ባለው ውስጥ ናችሁ። ለጤነኛ አዋቂ ሰው በዕረፍት ጊዜ የሚጠበቀው ይህ ነው። ትንንሽ ልጆች ከዚህ ይፈጥናሉ፤ አዲስ የተወለደ ሕፃን በደቂቃ ከ100 በላይ ሲመታ ጤነኛ ነው። በተቃራኒው ለዓመታት የሮጠ ሰው ቁጭ ብሎ ሲለካ ከ50 በታች ሊሆን ይችላል፤ ልቡ ጠንክሮ በአንድ ምት ብዙ ደም ስለሚያወጣ መጣደፍ አያስፈልገውም። ማልደው እንጦጦ ላይ የሚሮጡትን አትሌቶቻችንን ያየ ሰው ይህን ያስታውስ።

ለሒሳብ እንዲመቸን በደቂቃ 75 እንበል። በቀን ከመቶ ሺህ በላይ ምት ነው። ወደ 75 በኋላ እንመለሳለን።

አሁን ወደ መንገዱ እንሂድ። የአዋቂ ሰው ልብ የጨበጠውን እጁን ያህላል፤ ክብደቱ 300 ግራም ገደማ ነው። ከደረት አጥንት ጀርባ፣ ጫፉን ወደ ግራ አዘንብሎ ተቀምጧል። ውስጡ አራት ክፍል አለው፤ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች። የላይኞቹ ደም ይቀበላሉ፣ የታችኞቹ ይረጫሉ። ቀኙ ከመላ አካላት የተመለሰውን ደም ወደ ሳንባ ይልካል፤ ግራው ከሳንባ አየር ይዞ የመጣውን ደም ወደ መላ አካላት ይልካል። በላይኛውና በታችኛው ክፍል መካከል በየጎኑ አንድ ቫልቭ አለ፤ ከታችኛው ክፍል መውጫ ላይም በየጎኑ አንድ። በድምሩ አራት ቫልቮች መሆናቸው ነው። ሥራቸው ደም ወደ ፊት ብቻ እንዲሄድ፣ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ማድረግ ነው።

ይህን ዛሬ ማንኛውም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ያውቀዋል። ሰው እዚህ ለመድረስ ግን ረጅም ጊዜ ፈጅቶበታል። ከጥንቱ ሐኪም ከጌለን ዘመን ጀምሮ ከሺህ ዓመት በላይ የታመነው፣ ደም በጉበት እየተሠራ በየአካሉ እየተበላ ያልቃል ተብሎ ነበር። በ13ኛው መቶ ዘመን ካይሮ የኖረው ሐኪም ኢብን አል ናፊስ ከልብ ቀኝ ወደ ግራ የሚሻገረው ደም በሳንባ በኩል እንደሚያልፍ ጻፈ። በ1628 እ.ኤ.አ. ደግሞ እንግሊዛዊው ዊልያም ሃርቪ ደም በመላ አካላት ዞሮ ወደ ልብ እንደሚመለስ በመጽሐፍ አሳተመ። የሃርቪ ማስረጃ ዋናው ክፍል ተራ ስሌት ነበር፤ ተማሪዎች፣ እስቲ አብረን እናስላው። ልብ በአንድ ምት 70 ሚሊ ሊትር ገደማ ደም ያወጣል። በ75 አባዙት፤ በደቂቃ ከ5 ሊትር ትንሽ ይበልጣል። የአንድ አዋቂ ሰው ጠቅላላ ደም ራሱ 5 ሊትር ገደማ ነው። ስለዚህ ደማችን ሁሉ በደቂቃ አንድ ጊዜ ያህል ዞሮ ይመለሳል ማለት ነው። ጉበት በየደቂቃው 5 ሊትር አዲስ ደም እየሠራ አይደለም፤ ያው ደም ነው የሚዞረው። የሃርቪ ቁጥሮች ከዛሬዎቹ ያነሱ ነበሩ፤ መደምደሚያው ግን ትክክል ነበር።

ሁለተኛው ነጥቤ አንዲት ምት ናት። በደቂቃ 75 ጊዜ የሚመታ ልብ ለአንዷ ምት ያለው ጊዜ 0.8 ሰከንድ ነው። በዚህች ጊዜ ውስጥ የሚሆነውን ዘርግተን እንየው።

ነገሩ የሚጀምረው በኤሌክትሪክ ነው። በቀኙ የላይኛው ክፍል ግድግዳ ላይ ያለች ትንሽ የሕዋሳት ጥርቅም ከአንጎል ትእዛዝ ሳትጠብቅ በራሷ ጊዜ ትቀሰቅሳለች። ቅስቀሳው በላይኞቹ ክፍሎች ይሰራጭና ይኮማተራሉ። ወደ ታችኞቹ ከመሻገሩ በፊት ግን መካከል ላይ ባለች ሌላ ጥርቅም ዘንድ ወደ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ያህል ይዘገያል። ይህ መዘግየት ባይኖር ላይና ታች እኩል ይኮማተሩና ደሙ መግቢያ ያጣ ነበር። የላይኞቹ የያዙትን አራግፈው እስኪጨርሱ የታችኞቹ ይጠብቃሉ።

ከዚያ የታችኞቹ ይኮማተራሉ። በውስጣቸው ግፊቱ ሲነሣ ደሙ ወደ ላይ ሊመለስ ይፈልጋል፤ ያን ጊዜ በላይና በታች መካከል ያሉት ሁለቱ ቫልቮች ይዘጋሉ። የመጀመሪያው የልብ ድምፅ ይኸ ነው። ለጥቂት መቶኛ ሰከንዶች አራቱም ቫልቮች ዝግ ናቸው፤ ጡንቻው እየጨመቀ ነው፣ ደም ግን አይወጣም፣ ግፊት ብቻ ይከማቻል። በግራው የታችኛው ክፍል ያለው ግፊት በአኦርታ፣ ደሙ በሚወጣበት ትልቁ ደም ቅዳ ውስጥ ካለው፣ ማለትም ከ80 ሲያልፍ መውጫው ቫልቭ ይከፈታል። ደሙ ይወጣል፤ ግፊቱ እስከ 120 ይደርሳል። ጤና ጣቢያ ስትለኩ ነርሷ "120 በ80" የምትላችሁ ይህንኑ ነው፤ ላይኛው ቁጥር ልብ ሲረጭ፣ ታችኛው ደግሞ ሊረጭ ሲል በደም ቅዳ ውስጥ ያለው ግፊት ነው። በዚያው ቅጽበት ቀኙ ጎን ያንኑ ያህል ደም ወደ ሳንባ ይልካል፤ የሳንባ መንገድ አጭርና ለስላሳ ስለሆነ ግን ግፊቱ 25 ገደማ ይበቃዋል። የግራው ግድግዳ ከቀኙ በብዙ እጥፍ የሚወፍረው ለዚህ ነው።

ልብ የያዘውን ሁሉ አራግፎ አያወጣም። ሲሞላ 120 ሚሊ ሊትር ያህል የሚይዘው የግራ ክፍል 70 ያወጣና 50 ያስቀራል። ከዚያ ጡንቻው ይላላል። የወጣው ደም ወደ ኋላ ሊመለስ ሲል መውጫዎቹ ሁለት ቫልቮች ይዘጋሉ፤ ሁለተኛው የልብ ድምፅ ይኸ ነው። አሁንም ለጥቂት ቅጽበት አራቱም ዝግ ይሆናሉ። የታችኛው ክፍል ግፊት ከላይኛው ሲያንስ የመካከሉ ቫልቮች ያለ ድምፅ ይከፈቱና ደሙ መግባት ይጀምራል። ጤነኛ ቫልቭ ሲዘጋ እንጂ ሲከፈት አይሰማም፤ ይህን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ ያስፈልገናል።

አብዛኛው ደም የሚገባው በዚህች የመጀመሪያ ቅጽበት ነው፤ ማንም ሳይገፋው፣ የታችኛው ክፍል ስለ ላላ ብቻ። የላይኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ተኮማትሮ የሚጨምረው በዕረፍት ጊዜ ከጠቅላላው አንድ አምስተኛ ቢሆን ነው።

አሁን ጊዜውን እናካፍል። ከ0.8 ሰከንድ ውስጥ ልብ የሚኮማተርበት 0.3 ገደማ ነው። የሚላላበትና የሚሞላበት 0.5 ነው። ማለትም በቀን ከሃያ አራቱ ሰዓት ወደ አሥራ አምስቱ የሚያልፈው በመላላትና በመሙላት ነው። በሁለተኛው ድምፅና በሚቀጥለው ምት የመጀመሪያ ድምፅ መካከል ያለው ዝምታ ይህ ነው። እኔ የልብን ሥራ ሳስተምር ከሁሉ የምደነቅበት ቦታ እዚህ ነው፤ ምክንያቱም በዚህ ዝምታ ውስጥ ሌላም ነገር ይሆናል። የልብ ጡንቻ ራሱ ደም ይፈልጋል። የግራው የታችኛው ክፍል ሲኮማተር የራሱን የደም ሥሮች ስለሚጨፈልቅ ያን ጊዜ በቂ ደም አያገኝም። ምግቡንና አየሩን በብዛት የሚያገኘው ሲላላ ነው። ልብ በዕረፍቱ ይሞላል፤ በዕረፍቱም ራሱን ይመግባል።

ታዲያ ልብ ሲፈጥን ምን ይሆናል? በደቂቃ 150 ቢመታ ለአንድ ምት ያለው 0.4 ሰከንድ ብቻ ነው። የመኮማተሪያው ጊዜ የሚያጥረው ጥቂት ነው። ዋጋውን የሚከፍለው ዕረፍቱ ነው። ጤነኛ ልብ ሲሮጥ ፈጥኖ ስለሚላላ በአጭር ጊዜም ይሞላል፤ ቫልቮቹ ሰፊ ስለሆኑ ደሙ ሳይቸገር ይገባል። ቫልቩ የጠበበ ሰው ግን ያ አቅም የለውም። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ማዳመጥ። በ1816 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ሬኔ ላኤኔክ የተባለ ሐኪም የልብ ሕመም የነበረባትን ወጣት ሴት ሲመረምር ጆሮውን ደረቷ ላይ ማድረግ ነውር ሆነበት። ወረቀት አጥብቆ ጠቀለለና አንዱን ጫፍ ደረቷ ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ አደረገ። ድምፁ በቀጥታ ጆሮ ከማስጠጋት ይልቅ ጥርት ብሎ ተሰማው። በኋላ ከእንጨት ባዶ ዘንግ አሠራ። ዛሬ ሐኪሞች አንገታቸው ላይ የምታዩት ስቴቶስኮፕ የመጣው ከዚያ ጥቅል ወረቀት ነው።

ሐኪም ደረታችሁ ላይ ቦታ እየቀያየረ የሚያዳምጠው ያለ ምክንያት አይደለም። የየቫልቩ ድምፅ ጎልቶ የሚሰማበት የየራሱ ስፍራ አለው፤ ሁለቱ ከደረት አጥንት ቀኝና ግራ ወደ ላይ፣ አንዱ ከአጥንቱ ግራ ወደ ታች፣ አንዱ ደግሞ ከግራ ጡት ሥር ነው። የመጀመሪያው ድምፅ ወፈር፣ ረዘም ይላል፤ ሁለተኛው ቀጠን፣ አጠር ይላል። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስትስቡ ሁለተኛው ለሁለት ይከፈላል፤ ወደ ቀኙ ጎን ብዙ ደም ስለሚገባ የሳንባው ቫልቭ ከአኦርታው ትንሽ ዘግይቶ ይዘጋልና። ልጆች ላይ ይህ በግልጽ ይሰማል፣ ጤናም ነው።

ለወላጆች አንድ ነገር ልጨምር። "የልጅዎ ልብ ላይ ተጨማሪ ድምፅ አለ" ሲባል ብዙ እናቶች ያን ሌሊት አይተኙም። ደም ሲፈስ የሚያሰማው ሽውታ በጤነኛ ልጆች ዘንድ በጣም የተለመደ ነው፤ ትኩሳት ወይም የደም ማነስ ሲኖርም ይጎላል። ብዙው ጉዳት የለውም፣ ከዕድሜ ጋር ይጠፋል። የትኛው ምንም እንዳልሆነ፣ የትኛው የልብ አልትራሳውንድ እንደሚያስፈልገው የሚለየው ሐኪሙ ስለሆነ፣ ታዩ ከተባላችሁ ታዩ፤ ሳትታዩ ግን ልጁን ከጨዋታ አትከልክሉት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ደርሻለሁ።

አንድ ልጅ ጉሮሮውን ያመዋል። ሰዎች ቶንሲል ነው ይላሉ። የጉሮሮ ሕመም አብዛኛው በቫይረስ የሚመጣ ነው፤ ሳልና ንፍጥ አብሮት ይኖራል፣ በራሱም ይድናል። አንዳንዱ ግን ስትሬፕቶኮከስ በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣ ነው፤ ድንገት ይጀምራል፣ ትኩሳት አለው፣ ለመዋጥ ያስቸግራል፣ ሳል የለውም። ይህኛው ሳይታከም ሲቀር፣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ አንዳንድ ልጆችን የሪውማቲክ ትኩሳት ይይዛቸዋል። ሰውነታቸው ባክቴሪያውን ለመውጋት ያዘጋጀው መከላከያ የራሳቸውን መገጣጠሚያና የልብ ቫልቭ ያጠቃል።

ምልክቱን ስሙኝ። ጉልበቱ ያብጣል፤ እሱ ሲሻለው ቁርጭምጭሚቱ፣ ከዚያ ክርኑ። ቤተሰብ "ብርድ ነው" ብሎ ቅባት ይቀባዋል፤ እብጠቱም ይጠፋል። መገጣጠሚያው ሳይጎዳ ይድናል፣ ቫልቩ ግን ላይድን ይችላል። መምህራን ደግሞ ሌላ ምልክት ልታዩ ትችላላችሁ፤ ጥሩ ትጽፍ የነበረች ልጅ ድንገት ጽሕፈቷ ይበላሻል፣ እስክሪብቶ ከእጇ ይወድቃል፣ እጇና ፊቷ ያለ ፈቃዷ ይንቀሳቀሳል። ረባሽ ሆነች ብላችሁ አትቅጧት። ይህም የሪውማቲክ ትኩሳት መልክ ሊሆን ስለሚችል ወላጇን ጠርታችሁ ወደ ሕክምና ላኳት።

ትኩሳቱ በተደጋገመ ቁጥር የቫልቩ ጉዳት ይጨምራል። በብዛት የሚጎዳው በግራ ጎን ላይና ታችን የሚለየው ማይትራል ቫልቭ ነው። ጤነኛ ሲሆን ከ4 እስከ 6 ስኩዌር ሳንቲ ሜትር ይከፈታል። በሪውማቲክ ትኩሳት ጠርዙ እየተጣበቀና እየደደረ ይሄዳል፤ ከ1.5 በታች ሲወርድ ጥበቱ ከባድ ነው።

እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ስመረምር በግራ ጎኑ አስተኛውና ስቴቶስኮፑን ከጡቱ ሥር በስሱ አስቀምጣለሁ። የመጀመሪያው ድምፅ ከመጠን በላይ ጠንካራ ነው። የግቢ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ ነፋስ ሲወረውረው ያናውጣል፤ ገርበብ ብሎ ከቆየ ግን ሲዘጋ ብዙም አይሰማም። እዚህም ከቫልቩ በላይ የታመቀው ደም እስከ መጨረሻው ስለሚገፋው፣ የታችኛው ክፍል ሲኮማተር ቫልቩ ገና እንደ ተከፈተ ያገኘውና ይወረውረዋል። ከሁለተኛው ድምፅ በኋላ ደግሞ ቀጭን ቅጭታ ይመጣል፤ ሲከፈት መሰማት ያልነበረበት ቫልቭ ሲከፈት እየተሰማ ነው። ከዚያ ዝምታ መሆን በነበረበት ቦታ ላይ ዝቅ ያለ ጉምጉምታ ይቀጥላል። ልብ ሊሞላ እየታገለ ነው፤ ጊዜ ይፈልጋል።

ሕመምተኛዋ ወጣት ሴት ከሆነች ደግሞ፣ ምንም ሳይሰማት ኖራ ልታረግዝ ትችላለች። እርግዝና ደሟን ወደ ግማሽ ያህል ይጨምረዋል፤ የልቧንም ምት ያፈጥነዋል። በጠባቡ ቫልቭ ማለፍ ያለበት ደም ሲበዛ ማለፊያው ጊዜ ያጥራል። ደሙ ወደ ኋላ፣ ወደ ሳንባዋ ይከማቻል። ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ጋደም ስትል ያፍናታል፣ ሌሊት ተነሥታ ትቀመጣለች። አስም ነው ሊባል ይችላል፤ የእርግዝና ነው ሊባል ይችላል። ልቧን ሳያዳምጡ ይህን ማለት ሕይወቷን ሊያሳጣት ይችላል። ከሐኪሙ ዋና መድኃኒቶች አንዱ ልብን የሚያዘገይ ነው፤ ዓላማው ዕረፍቱን መመለስ ነው።

የጠበበውን ቫልቭ በፊኛ ማስፋት ወይም በቀዶ ሕክምና መለወጥ ይቻላል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ለስንት ልጆች ተስፋ እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። ሆኖም ተራ የሚጠብቁት ብዙ ናቸው፤ ቫልቩ የተለወጠለትም ልጅ ከክትትል ነጻ አይሆንም። በ2018 እ.ኤ.አ. የዓለም የጤና ጉባኤ አገሮች ይህን በሽታ እንዲከላከሉ ውሳኔ አሳልፏል። መከላከያው በእጃችን አለ፤ ርካሽም ነው። በባክቴሪያ የተነሣ የጉሮሮ ሕመም ከጀመረ እስከ ዘጠኝ ቀን ባለው ጊዜ ፔኒሲሊን ከተጀመረ የሪውማቲክ ትኩሳትን ይከላከላል። አንድ መርፌ ይበቃል፤ በአፍ ከሆነ አሥር ቀን ሳይቋረጥ ነው። ልጁ በሦስተኛው ቀን ቢሻለውም መድኃኒቱን አታቁሙ። እንጥል ማስቆረጥና ቶንሲል ማስቧጠጥ ባክቴሪያውን አያጠፋም፤ ደም ያፈሳል፣ ሌላ ሕመም ያስገባል። እባካችሁ ይህን ለጎረቤትም ንገሩ።

አንድ ጊዜ የሪውማቲክ ትኩሳት የያዘው ልጅ ደግሞ በየአራት ሳምንቱ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ያስፈልገዋል፤ ለዓመታት፣ ቫልቩ ከተጎዳ እስከ ጎልማሳነት። መርፌው ያማል፣ ልጁም ጤነኛ ሆኖ ስለሚታይ ማቋረጥ ይቀላል። ወላጆች፣ "ድኗል" ብላችሁ ቀጠሮ አታስቀሩ። መምህራን፣ የመርፌው ቀን በትምህርት ቀን ከዋለ ፈቃድ ስጡት፣ ያመለጠውንም ትምህርት አካክሱለት። ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ጉሮሮውን አሞት፣ አተኩሶት፣ ሳል የሌለው ልጅ ካገኛችሁ ደግሞ እስከ ሰኞ አትቆዩ፤ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።